ስማቸው ሲጠራ

ሟቹ በዘጠኝ ጆንያ ዱቄት ሥር ነበር። ከላይ የሚታየው ጫማው የወለቀ አንድ እግሩና የቀኝ መዳፉ ብቻ ነው። ከጆንያዎቹ ሁለቱ ተቀደዋል፤ ዱቄቱ ደሙን ጠጥቶ ሊጥ ሆኗል፤ ሊጡም አድሮ ደርቆ ከሲሚንቶው ወለል ጋር ተጣብቋል። ጆንያዎቹን ካነሱት ሁለት ፖሊሶች አንደኛው የሟቹን ፊት ሲያይ ወጥቶ አስመለሰ። ፊት የሚባል ነገር አልቀረም ነበርና።

መርማሪዋ አልወጣችም። ቀኝ ጉልበቷ ስለሚያማት ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች። ከንፈሯ አንድ ሁለት ቃል አነበነበ፤ ለሟች ነፍስ ይሁን ለራሷ ብርታት አልታወቀም። ከዚያ መነጽሯን አደረገች። ጣቢያ ውስጥ «ጆሮ» ነው የሚሏት፤ ብዙ ስለማትናገር፣ የነገሯትንም ስለማትረሳ።

«ስንት ጊዜ ተመታ ትላለህ?» አለችው አብሯት የመጣውን ሃምሳ አለቃ።

«መመታት ምን አመጣው ኢንስፔክተር? ክምር ነው የተናደበት። ያውና፣ ላዩ ጎድሏል።»

«ጆንያ አንድ ጊዜ ይወድቃል እንጂ ሰባት ጊዜ አይመታም። ቁስሉን ቁጠረው። ደግሞ ክምሩን እየው፤ የተናደ ክምር ጎኑ ይዘረገፋል። ይሄ ግን ላዩ እንደ ዳቦ እኩል ተቆርጧል። ሰው ነው አንድ በአንድ እያነሳ የጣለበት።»

ሃምሳ አለቃው ቀና ብሎ አየ። አንገቱን አከከ። «እውነትም።»

ከበሩ አጠገብ ባለው ሚዛን ሥር ሦስት የብረት መመዘኛዎች ተደርድረዋል። ሁለቱ አቧራ ለብሰዋል፤ አምስት ኪሎው ግን ዱቄት ለብሷል። መርማሪዋ በመሐረብ ይዛ ገለበጠችው። ከሥሩ ፀጉር ተጣብቆበታል።

ወደ ሬሳው ተመልሳ የሸሚዙን ኮሌታ በእርሳስ ጫፍ ገለጥ አደረገች። ሸሚዙ ነጭ ነበር። ኮሌታው ላይ፣ ከጉሮሮው ግራና ቀኝ፣ ጣቶች ያተሙት ቀለም አለ፤ አረንጓዴ ነው።

«ይሄማ አይጠቅመንም» አለ ሃምሳ አለቃው። «ማክሰኞ ዱቄት የወሰደ ሁሉ ሁለት ጊዜ እንዳይወስድ አውራ ጣቱን አረንጓዴ ተነክሯል። ሳምንት በሳሙና ቢያሹት የማይለቅ ቀለም ነው። የካምፑ ሰው በሙሉ ሣር የጋጠ በግ መስሏል። አራት መቶ ሰው ልናስር ነው?»

«እዚህ ላይ ስንት ጣት ታያለህ?»

ሊቆጥር ሲጎነበስ ድንጋይ መጥቶ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አረፈ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሃምሳ አለቃው ቆጠራውን ትቶ ወደ በሩ ሮጠ።

ከሁለት ወር በፊት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሠፈር ጠራርጎ ወስዷል። የተረፈው ሰው በኳስ ሜዳው ላይ በተተከሉ ድንኳኖች ሠፈረ፤ መንግሥትም የእርዳታ ገንዘብ መደበ። በገንዘቡ የተገዛው ዱቄት በዚህ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ይቀመጣል። ከገንዘቡ ጋር አንድ ትእዛዝ አብሮ መጥቶ ነበር፤ የተገዛውና የታደለው ሁሉ በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችለውም ሐሙስ ሐሙስ በስድስት ሰዓት በአደባባይ ይነበብ የሚል። አንባቢው የእርዳታ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ነበር፤ አሁን ወለሉ ላይ የተጋደመው። ደረቱ የዶሮ ያህል ቢሆንም ድምፁ ወንዙን ይሻገር ስለነበር ሰው «ጡሩምባ» ይለዋል።

ጡሩምባ እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ድምሩን ብቻ ነበር የሚያነበው፤ ይህን ያህል ጆንያ ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ። ባለፈው ሐሙስ ግን ወረቀቱን አጥፎ፣ «ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ዱቄት የወሰደውን ሁሉ በየስሙ እጠራለሁ፤ ስሙ የተጠራ አቤት ይበል» አለ። ሰው አጨበጨበ። በስድስተኛው ቀን ሳይመሽ ተገደለ።

ሬሳውን ያገኘው ዛሬ ማለዳ በሩን የከፈተው የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ነው። ጮኸ፤ ሰው መጣ። በሩ ተቆልፎ አድሯል፤ ቁልፉ ያለው በእርሱ ኪስ ብቻ ነው፤ ሊነበብ የነበረውም የስም ዝርዝር ከሟች ቦርሳ ጠፍቷል። ከዚህ በላይ ማሰብ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። ፖሊስ ሲደርስ የቁልፍ ያዡ ሦስት ጥርሶችና ግራ ክንዱ ተሰብረዋል፤ ድንኳኑም ተቃጥሏል። አራት ፖሊሶች ጎትተው መጋዘኑ ጎን ባለው ቢሮ አስገቡት። ሕዝቡ አጥሩን ከቦ፣ «እስከ ስድስት ሰዓት አውጡልን፤ ካላወጣችሁ ገብተን እናወጣዋለን» ብሏል። ድልድዩ ስለተሰበረ ሌላ ፖሊስ ከማታ በፊት አይደርስም።

በሬሳውና በቢሮው መካከል ባለው ደፍ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ፀጉሯ ላይ የድንኳኑ አመድ አለ። የሟች እህት ናት፤ የቁልፍ ያዡም ሚስት።

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ሴትዮዋ በልማድ ይሁን በድንጋጤ፣ «ውሃ ልስጥዎት?» አለቻትና ከጀሪካን ቀዳችላት። መርማሪዋ ጠጣች።

«ጥሩ ውሃ ነው። ምንም አይሸትም።»

«ማለዳ ከታንከሩ የቀዳሁት ነው።»

«ወንድምሽን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሽው?»

«ትናንት ለምሳ መጣ። ቁጭ አለ፤ አልበላም። ምን ሆንክ ስለው፣ ‹እማዬን የቀበርናት እኔና አንቺ ነን አይደል?› አለኝ። ነካ አደረገው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። በጎርፉ ማግስት ከጭቃ አውጥተን በገዛ እጃችን ነው የቀበርናት። አዎ አልኩት። ‹እሺ› ብሎ ተነስቶ ሄደ። በቃ።»

«ማን ይጠላው ነበር?»

«ማን ይወደው ነበር ብለው ይጠይቁኝ፤ እሱ ይቀላል። እውነትን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ዘመድ የለውም፣ እትዬ።»

«ባልሽስ?»

«ባሌ ሲናደድበት ‹አንተ ሬዲዮ› ነው የሚለው። ከዚያ አልፎ አያውቅም።» ዓይኗን ከደፉ ላይ አላነሳችም። «እኔ ዛሬ አንድ ሬሳ አለኝ። ሁለት አታድርጉብኝ።»

ድንጋይ ጣራው ላይ ተንከባለለ። ሴትዮዋ ከደረቷ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ድንኳኑን ሲለኩሱት ይዤ የወጣሁት ይሄን ብቻ ነው። ኮሚቴው ስም ሲጽፍ ካርቦን ሥር የሚቀረው የባሌ ድርሻ ነው። ‹እኔ ብሞትም ወረቀቱን› ይላል ሁልጊዜ። እሱ ግን የሚያየው የጆንያውን ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። እኔም ፊደል አልቆጠርኩ።»

መርማሪዋ ቀስ ብላ አነበበች፤ አንዱ መስመር ላይ ጣቷን ቆም አደረገች። «እናታችሁ በመዝገብ ማን ይባላሉ?»

«በመዝገብ ስሟማ ከኔና ከወንድሜ በቀር የሚያውቀው የለም። ሰው የሚጠራት በቅጽል ስሟ ነበር።» ነገረቻት። መርማሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የሴትዮዋን ትከሻ ነካ አድርጋ ተነሳች።

ቁልፍ ያዡ ቢሮው ወለል ላይ ተጋድሟል። ክንዱን በቀበቶ አስረውለታል።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ዋናው በር ላይ። ያ ዱቄት የሚያመጣልን ባለመኪና እርጥብ ዱቄት ሊያራግፍብኝ መጥቶ ስንጨቃጨቅ። መጋዘኑን ክፍት ትቼ ነው የሄድኩት። ሚዛኑ ጋ ባለው ጠረጴዛ ሰው ይሠራል፤ አማቼም፣ የኮሚቴ ሰዎችም ሲገቡ ሲወጡ ይውላሉ። ስመለስ ተቆልፏል። አማቼ ነው የዘጋው ብዬ ሄድኩ።»

«ያለ ቁልፉ ይዘጋል?»

«ጠቅ ማድረግ ነው። የኔ ሥራ መክፈት ነው፤ መዝጋትማ ዝንጀሮም ይዘጋዋል።» ሊስቅ ሲል አፉ ደም ሞላ።

መርማሪዋ ደህናውን እጁን ይዛ አየችው። በጥፍሮቹ ሥር የወር እድፍ ከጆንያ ቃጫ ጋር ተጋግሯል። መልሳ በቀስታ አስቀመጠችው።

ባለመኪናው ግቢው ውስጥ የጎማውን አየር እየረገጠ ይመረምር ነበር። ባለፈው ሳምንት ጡሩምባን ሰው ፊት በጥፊ ያጋደመው እሱ ነው። እጁን ስትዘረጋለት ግሪስ የጠጣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጣት።

«መትቼዋለሁ፤ አልክድም» አለ። «የዱቄቴን እርጥበት በአደባባይ ጮክ ብሎ ተናገረብኝ። ግን በጥፊ የመታሁትን ሰው ደግሜ በብረት አልመታም፤ አንዴ ይበቃኛል።»

«በብረት መመታቱን ማን ነገርዎት?»

«ይሄ ሁሉ ፖሊስ መመዘኛውን በመሐረብ ተሸክሞ ሲወጣ ዓይን የለኝም?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ?»

ጎማውን አንዴ ረገጠ። «በር ላይ ነበርኩ፤ ከቁልፍ ያዡ ጋር። እስኪመሽ።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ሰውዬውን ሲቀጠቅጡት ለምን አልተናገሩም?»

«እርጥብ ዱቄት ይዤ እንደነበር ልናገር? እኔም አጠገቡ እንድጋደም?» ሳትጠይቀው ጨመረ። «ደሞ በየሳምንቱ ስመለስ ባዶዬን አልሄድም። ‹ትርፍ ነው› የተባለ ደህና ዱቄት እጭናለሁ። ከማን እንደሆነ አሁን አልናገርም።»

«ከኔ ቢሰውሩም ግድ የለም፤ ስድስት ሰዓት ላይ ለሁሉም ይነግሩናል» አለችው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሽቶ ሽቶ ይላል። ለስላሳ እጁ ላይ ከሰማያዊ እስክሪብቶ በቀር ቀለም የለም።

«ተከራክረናል፤ ይታወቃል» አለ ክራቫቱን እያጠበቀ። «ጠቅላላ ድምር ይበቃል አልኩት። ስም መጥራት ሰውን ከሰው ያባላል። ይኸው! ያልኩት አልደረሰም?»

«ትናንት ወደ መጋዘኑ ሄደዋል?»

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ፤ ንባቡን እንዲተው ልለምነው። በሩ ተዘግቶ ነበር። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ተመለስኩ።» ድምፁ ወረደ። «ስመለስ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ መሰለኝ። ጆንያ የሚያደራጁ መሰለኝ።»

«አላዩም?»

«ምን አገባኝ ብዬ...» ክራቫቱን አላላ።

መጨረሻ ያገኘችው መምህሩን ነው። ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ሲሆን የተፈናቃዮቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ቁመቱ ዘለግ፣ ትከሻው ገና የወጣት። አጥሩ ላይ ቆሞ ሕዝቡን ያረጋጋ ነበር። ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ልጄ ነበር ማለት ይቻላል፤ አስተምሬዋለሁ» አለ እጇን በሁለት እጁ ይዞ። መዳፉ ነጭ፣ ሻካራ፣ የተላጠ ነው፤ በረኪና ይሸታል። እጁን ስታይ ቀድሟት ተናገረ። «የውሃውን ታንከር በበረኪና ሳክም ነው። ትናንት ከአሥር ሰዓት እስኪመሽ እዚያው ነበርኩ። ለዚህ ሁሉ ሕፃን ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል።»

«እግዜር ይስጥልን። እርስዎስ ዱቄት ይወስዳሉ፣ መምህር?»

«እንዴታ! እኔም ቤቴ የሄደብኝ ነኝ። ማክሰኞ መጀመሪያ የተነከርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው አይቶኝ እንዳያፍር።»

«ዝርዝሩ ምን ሆነ ይላሉ?»

«ቁልፍ ያዡ አጥፍቶታል፤ ሌላ ማን?» ወደ ሕዝቡ አየ። «ይዤላችኋለሁ እንጂ ሊገቡ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካልሆነ እኔም አልችላቸውም።»

ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ መርማሪዋ የግቢው በር ወለል ተደርጎ እንዲከፈት አዘዘች።

«አበዱ?» አለ ኃላፊው። «ጉዳዩ በቢሮ ውስጥ በዝግ ይታያል እንጂ!»

«ሰውዬው የሞተው በዝግ በር ነው። ሌላው በክፍት ይሁን።»

ሕዝቡ ገባ። ብዙው እጅ ድንጋይ ይዟል። ሰሌዳው ሥር አንድ ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ የቢሮው በር፣ በሩ ላይ እህትየው። ኃላፊው፣ ባለመኪናውና መምህሩ በአንድ መስመር ቆመዋል። መርማሪዋ ድምፅ ማጉያ አልያዘችም፤ ስለዚህ ሰው ለመስማት ዝም ማለት ነበረበት።

«ዛሬ የሚነበብ ዝርዝር ነበር። ዋናው ጠፍቷል፤ ካርቦኑ ግን ተርፏል። መምህር፣ እርስዎ ያንብቡልን፤ ጽሑፉም የእጅዎ ነው።»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀበለ። ጉሮሮውን ጠረገ። የመጀመሪያውን ስም ጠራ።

«አቤት!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ሁለተኛው፣ «አቤት!» ሦስተኛው፣ «አለሁ!» ሰውም ሳቅ አለ። እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ እንዲህ ሄደ። ከዚያ መምህሩ ሌላ ስም ጠራ፤ ሰውዬውም አቤት አለ።

«አሥራ አምስተኛውን ዘለሉት» አለች መርማሪዋ።

«ካርቦኑ ደብዝዟል፤ አይነበብም።»

ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና ስሙን ራሷ ጠራችው። ማንም አልመለሰም። ከቢሮው በር ላይ ግን አንድ ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «እማዬ ናት» አለ። «እማዬ ሞታለች። እኔ ነኝ የቀበርኳት።»

መርማሪዋ አላቆመችም። አሥራ ሰባተኛውን ጠራች፤ «ባሌ ነው! ባሌን እኮ ወንዙ ነው የበላው!» የሚል ጩኸት ወጣ። ሃያ ሁለተኛውን ጠራች፤ አንድ ሽማግሌ እንደተመታ ሰው ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ሠላሳኛው። ሠላሳ አንደኛው። ለቅሶው ከየማዕዘኑ ተነሳ። እስከ መጨረሻው ጠርታ፣ አቤት ያላለውን ቆጥራ፣ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አርባ ሰባት ሙታን በየሳምንቱ ዱቄት ሲወስዱ ቆይተዋል። ድምሩ ሲነበብ ትክክል ነው፤ ጆንያው ገብቷል፣ ጆንያው ወጥቷል። ስም ሲጠራ ግን ሙት አቤት አይልም። ጡሩምባ ትናንት ረፋድ ላይ ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ገጽ ሲደርሰው የእናቱን ስም አየ። እህቱን ጠይቆ አረጋገጠ። ከዚያ የቀረውን ሊቀበል ወደ መጋዘኑ ሄደ።»

«ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ኮሚቴው ነው» አለ መምህሩ። ድምፁ ደህና ነበር። «ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። እኔ የሰጡኝን ነው የምገለብጠው።»

«እውነት ነው፤ ስለዚህ እጅ እንይ። ሃምሳ አለቃ፣ የኮሌታውን ጣቶች ቆጠርካቸው?»

«ዘጠኝ አገኘሁ፤ አራት በግራ፣ አምስት በቀኝ።»

«ዱቄት የወሰደ ሰው አንድ አውራ ጣት ነው የሚነከረው። አንቆ ቢይዝ አንድ፣ ሁለት ምልክት ይተዋል። ዘጠኝ ጣት በአረንጓዴ ቀለም ማን ይነክራል? ከየሟቹ ስም ጎን አሻራ ያስፈልጋል። አርባ ሰባቱንም በአንድ ጣት ቢያትም ያስነቃዋል፤ ስለዚህ እየቀያየረ በአሥሩም ያትማል። ጡሩምባ የገባው ይህ ሰው ጠረጴዛው ላይ አሥር ጣቱን ነክሮ ለሙታን እየፈረመ ሳለ ነው። ማስተባበያ ቃል አልነበረውም። አነቀው፤ ከዚያ መመዘኛውን አነሳ። ጆንያውን የከመረበት አደጋ ይመስላል ብሎ ነው። የጆንያ ሠራተኛ ቢሆን ክምር እንዴት እንደሚናድ ያውቅ ነበር፤ ይህ ሰው አያውቅም። ኃላፊው አንኳኩቶ ሲመለስ የሰማው የሚወድቀውን ጆንያ ነው። ሲወጣ ቁልፉን ጠቅ አደረገ፤ ጥፋቱ በባለ ቁልፉ ላይ አረፈ።»

ሕዝቡ ወደ ገዛ እጁ ያይ ነበር።

«ቁልፍ ያዡ ጥፍር ሥር የወር እድፍ አለ፤ እጁን ፍቆ አልታጠበም። ባለመኪናው ግሪስ ነው። ኃላፊው ሰማያዊ እስክሪብቶ። ያ ቀለም በሳሙና አይለቅም፤ በበረኪና ግን ይለቃል። እስኪ ማክሰኞ ዱቄት የወሰዳችሁ አውራ ጣታችሁን ከፍ አድርጉ።»

ድንጋዩን መሬት የጣለ ጣለ፣ ወደ ግራ እጁ ያዛወረ አዛወረ። አራት መቶ አረንጓዴ አውራ ጣት ወደ ላይ ወጣ።

«መምህር» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ መጀመሪያ የተነከሩት ነዎት። ያሳዩን።»

መምህሩ እጁን አላነሳም።

«ታንከሩን...» አለ።

«ከታንከሩ ማለዳ የተቀዳውን ውሃ ጠጥቻለሁ። ትናንት ማታ በረኪና የገባበት ውሃ ይሸታል፤ ያ ምንም አይሸትም። ዘጠኙን ጣት ሲያጠቡ አሥረኛውን መተው ነበረብዎት፤ በካምፑ ውስጥ ንጹሕ መሆን የማይገባው አንድ ጣት እሱ ነበር። በፍርሃት ሁሉንም ፋቁት።»

«ከእሱ ነው የገዛሁት!» ብሎ ጮኸ ባለመኪናው። «ትርፍ ነው ብሎኝ! ሙት መሆኑን አልነገረኝም!»

መምህሩ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆነ። «የሞተ ሰው ዱቄት አይበላም! ማንን ጎዳሁ? ከእናንተ ማን ጎደለበት? እሱ ነው... ‹የእናቴን ስም በአፍህ አትጥራ› እያለ፣ በዚያ ድምፁ፣ ግድግዳው እስኪነቃነቅ...» ቃሉን ሳይጨርስ የሃምሳ አለቃውን ዱላ ነጥቆ ፊቱን መታው። አፍንጫው ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛውን ወደ መርማሪዋ ሲሰነዝር ባለመኪናው ከጎን ገብቶ የመምህሩን ጭንቅላት ከሰሌዳው ብረት ጋር አጋጨው። መምህሩ ወደቀ።

ያኔ ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ። ድንጋዩ ከግራ ወደ ቀኝ እጅ ተመለሰ። አራት ፖሊሶች ማዕበል ፊት እንደቆመ ሸንበቆ ነበሩ። የመጀመሪያው ድንጋይ የመምህሩን ትከሻ አገኘ፤ ሁለተኛው ጆሮውን ቀደደው፤ ደሙ አሸዋው ላይ ተረጨ።

እህትየው ከበሩ ወርዳ መሐል ገባች። አልጮኸችም። በወደቀው ሰው ላይ ተሻግራ ቆመች፤ ሦስተኛው ድንጋይ ክንዷን መታት፤ አልሸሸችም።

«ይሄ ሰው ወንድሜን ገድሎብኛል» አለች። «እናቴን ሸጦብኛል። ከኔ በላይ እሱን መምታት የሚገባው ማነው? እኔ ያልነካሁትን ማን ይነካል? ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ጮክ ተብሎ፣ ስንት ጆንያ እንደሆነ፣ የማን የማን እንደሆነ፣ አንድ በአንድ ይነበብበት። በድንጋይ ከሞተ አፉ ይዘጋል፤ ሌላው ሌባም ያርፋል።»

ማንም አልወረወረም። ማንም ደግሞ አልሄደም። መርማሪዋ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች፤ መምህሩን ጎትተው አስገቡት።

እህትየው ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ክንዷ ላይ የሚወርደውን ደም በቀሚሷ ጠረገች። ከኋላዋ፣ በቢሮው ውስጥ፣ ባሏ ሲያቃስት ይሰማል።

«ጠዋት ባሌን የደበደባችሁ» አለች። «ማንነታችሁን አላየሁም፤ ጭስ ነበር። ስማችሁን ንገሩኝ።»

ሰው መሬት መሬት ያያል። አንዲት ሕፃን አለቀሰች፤ እናቷ አፏን ያዘቻት። መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ ቆመች፤ ይህ ከእርሷ ሥራ ውጪ ነበር።

በመጨረሻ ያ ሆዱን ይዞ የተቀመጠው ሽማግሌ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሳ።

«ክንዱን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ተናገረ።

ከዚያ ሕፃኗን የያዘችው ሴት፣ «ድንኳናችሁን የለኮስኩት እኔ ነኝ» አለችና ስሟን ጠራች። ከአጥሩ ሥር አንድ ወጣት እጁን አወጣ። ከእርሱ ኋላ ሌላ።

እህትየው አልቀረበቻቸውም፤ ይቅርታም አላለችም። እያንዳንዱን ስም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደገመችው።

«ቀጥሉ» አለች።